ድኖ ስለሚመስለው በሬ
የሳንባ ደዌ በወለጋ

በወለጋ አገር፥ በነቀምቴና በጊምቢ፥ በሻምቡና በደምቢ ዶሎ፥ የገበያ ቀን በሆነ ጊዜ ከየገጠሩ የተነዳው ከብት በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል። ገዥው የበሬውን ጥርስ ያያል፤ ሻኛውን ይዳስሳል፤ አካሄዱንም ይመረምራል። ሳንባውን ግን ሊያይ አይችልም። በኦሮምኛ ሶምባ የሚባለው የከብት የሳንባ ደዌ ከመንጋ ወደ መንጋ የሚሻገረው ዐይን ከማይደርስበት ከዚህ ስፍራ ነው። ስለዚህ ተሐዋሲው ከሰውነት ጠባቂዎች እንዴት እንደሚያመልጥ ማወቅ ለየወረዳው ሹም አስፈላጊ ነው፤ ጥበቃው በየትኛው በር መቆም እንዳለበት የሚያስረዳው ይህ ነውና።

ደዌውን የሚያመጣው ማይኮፕላዝማ ከተባሉት፥ ከባክቴሪያዎች ሁሉ እጅግ ከሚያንሱት ወገን የሆነ ተሐዋሲ ነው። ኖካርና ሩ የተባሉት የፈረንሳይ ሊቃውንት በአውሮጳ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. ለይተው አበቀሉት። ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ብዙውን ጊዜ በጠንካራ ግድግዳ የታጠሩ ሲሆኑ ይህ ግን በስስ ሽፋን ብቻ ተጠቅልሎ ይኖራል። ፔኒሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው ያን ግድግዳ እንዳይሠራ በማድረግ ስለሆነ፥ ግድግዳ በሌለው በዚህ ላይ ኀይል የለውም።

የታመመው ከብት በሳለ ጊዜ በሚረጨው ጠብታ ተሐዋሲው አጠገቡ ወዳለው ከብት ሳንባ ይገባል። ነጭ የደም ሕዋሳት እንግዳ የሆነውን ሁሉ ይዘው መዋጥ ሥራቸው ነው። ነገር ግን ተሐዋሲው ጋላክታን በተባለ፥ ከስኳር ወገን በሆነ ልባስ ራሱን ስለሚሸፍን ለመያዝ ያዳግታቸዋል። ከዚህም በላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የተባለ የሚጎዳ ነገር እያወጣ የሳንባውን ሥጋ ያቈስላል። ሰውነቱም ሊከላከል ብሎ ፈሳሽ ወደ ቍስሉ ያጐርፋል፤ አንዳንድ ጊዜ እስከ 30 ሊትር የሚደርስ ቢጫ ውሃ በደረቱ ይሞላል፤ ሳንባውም ጠጥሮ እንደ እብነ በረድ ይዥጐረጐራል። ከብቱ አንገቱን ዘርግቶ፥ የፊት እግሮቹን አራርቆ በጭንቅ ሲተነፍስ የሚታየው በዚህ ጊዜ ነው። እንግዲህ ከጥፋቱ ብዙው የሚመጣው ከራሱ ከመከላከሉ ነው።

ከዚህ ተርፎ የተነሣው ከብት ደግሞ ሌላ ሥጋት አለበት። ሰውነቱ የሞተውን የሳንባ ቍራጭ በወፍራም ቅርፊት ከብቦ ከደኅናው ይለየዋል። ቅርፊቱ የተሠራው ጠላትን ለማሰር ነበር፤ ነገር ግን ደም ወደ ውስጡ ስለማይዘልቅ ነጭ ሕዋሳትም ሆኑ መድኃኒት በሚገባ ሊደርሱበት አይችሉም። ስለዚህ ወህኒው ለተሐዋሲው መጠጊያ ይሆነዋል፤ በዚያም ለብዙ ወራት በሕይወት ሊቈይ ይችላል። በሬው ሣር ይግጣል፤ ይወፍራል፤ ያርሳል። ቅርፊቱ የፈረሰ እንደ ሆነ ግን ተሐዋሲው እንደገና ሊወጣ ይችላል።

በምዕራብ ወለጋ በቦጂ ወረዳ፥ በአውሮጳ አቈጣጠር ከ2000 እስከ 2002 ዓ.ም. ደዌው አዲስ የገባባቸው 15 መንጋዎች በምርመራ ተከታትለው ነበር። ደማቸው መያዛቸውን ከመሰከረባቸው ከብቶች መካከል ብዙዎቹ በዐይን የሚታይ ሕመም አላሳዩም። ደዌው በአገሪቱ የተስፋፋበትም ምክንያት የታወቀ ነው። ደስታ የተባለውን የከብት ቸነፈር ለማጥፋት በተከተበ ጊዜ የሳንባው ክትባት አብሮ ይሰጥ ነበር፤ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1990ዎቹ ይህ ጥምር ክትባት ሲቀር የሳንባ ደዌ እንደገና ተነሣ። ኢትዮጵያ በአውሮጳ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ከደስታ ነጻ መሆኗ ሲመሰከርላት፥ ሳንባው ግን በመንጋዎቿ ውስጥ ነበረ።

ለዚህ ደዌ የሚሆነው ክትባት በቢሾፍቱ ይሠራል። ይኸውም በእንቍላል ውስጥ 44 ጊዜ እየተዘራ ኀይሉ ከደከመ ተሐዋሲ የሚገኝ ሲሆን፥ መከላከያው አንድ ዓመት ያህል ስለሚቈይ በየዓመቱ መደገም ይገባዋል። የቀረው ጥበቃ በሹሙ እጅ ነው። አዲስ የተገዛ ከብት፥ በርቢ የተሰጠች ላም፥ ለቅንጃ የመጣ በሬ ሁሉ ከመንጋው ሳይቀላቀል ከየት እንደ መጣና በዚያ የሚስል ከብት እንደ ነበረ መጠየቅ ይገባል። በቄራም የጠጠረ ወይም ቅርፊት የያዘ ሳንባ ሲገኝ የከብቱ መንደር ይጣራ፤ ለእንስሳት ሐኪምም ይነገር። ደዌው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ ስለ ሥጋው በመፍራት ነገሩን የሚሸሽግ ሰው ሊኖር አይገባም።

ሆኖም አንድ ጥማድ ብቻ ያለው ገበሬ የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። በሬዬ ሳለ ብሎ ቢናገር ገበያ ይከለከላል፤ የዘር ጊዜም ያልፍበታል። ዝም ቢል ግን በሬው ሲሻለው ወደ ነቀምቴ ነድቶ ይሸጠዋል፤ ገዥውም ደዌውን ከነበሬው ወደ ቤቱ ይወስዳል። ስለዚህ ሹሙ አስቀድሞ የተናገረውን ሰው እንደ ጥፋተኛ ሊያየው አይገባም፤ ይልቁንም ለእርሻው የሚሆን በሬ ከጎረቤት እንዲያገኝ ይርዳው። አንድ ሰው ተናግሮ እንደ ተጐዳ ከታየ፥ ሁለተኛው አይናገርም።