የታጠበ እጅ፣ ያልተጠረገ ስልክ

ከቀበና ተነስቶ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ወይም ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ፣ ወደ የካቲት 12 ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ የሚጣደፍ ተማሪ ታክሲ ውስጥም ስልኩን ከእጁ አይለይም። ከቴሌግራም ያወረደውን መጽሐፍ እያነበበ ይሄዳል። ዋርድ ሲገባ ያው ስልክ የመድኃኒት መጠን ማስሊያ፣ የራጅ ፎቶ ማንሻ፣ መብራት ሲጠፋም ጉሮሮ ማያ ባትሪ ይሆናል። ማታ ትራስ ስር ያድራል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያ በ226 የጤና ባለሙያዎች ስልኮች ላይ ተሠርቶ በ2011 ዓ.ም. የታተመ ጥናት፣ ከመቶ 94ቱ ላይ ባክቴሪያ አግኝቷል። አብዛኛው ቆዳችን ላይ የሚኖር፣ ጤነኛ ሰውን እምብዛም የማይጎዳ ዝርያ ስለሆነ ቁጥሩ ብቻውን ሊያስደነግጠን አይገባም። የሚያሳስበው ሌላው ነው፤ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስና ክሌብሲየላም ተገኝተዋል። ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ በደረቅ ዕቃ ላይ ከሳምንት እስከ ወራት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ስልክ ላይ መገኘቱ በሽተኛውን የያዘው ከዚያ ስልክ መሆኑን አያረጋግጥም። ቁስል ላለበት በሽተኛ ወይም ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን ግን ማረጋገጫ እስኪመጣ መጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ጉዳቱ የሚገባው በትንሽ ቀዳዳ ነው። ራውንድ ላይ ሲኒየሩ «ዶዙ ስንት ነው?» ይላል። ተማሪው ጓንት ያጠለቀ እጁን ጋውኑ ኪስ ከትቶ ስልኩን ያወጣል፣ ያነባል፣ ይመልሳል። ስልኩን አንሶላው ጠርዝ ላይ አኑሮ በዚያው እጅ የቁስሉን ፋሻ ይገልጣል። ዋርዱ በር ላይ እጁን በአልኮል አሽቶ ነበር፤ ስልኩን በነካበት ቅጽበት ያ ሁሉ ከንቱ ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት ለእጅ ንጽህና አምስት ወሳኝ ጊዜያትን ለይቷል፤ በሽተኛ ከመንካት በፊት የሚለው የመጀመሪያው ነው። በአልጋና በአልጋ መካከል ስልክ የነካ ተማሪ ይህን ጊዜ በየደቂቃው ይጥሰዋል።

በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ሐኪሙ ኢግናዝ ዜመልቫይስ፣ አስከሬን መርምረው ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎችና ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አስገደደ። በሚያዝያ ወር ከመቶ 18 ያህል የነበረው የወላዶች ሞት በሰኔ ወደ 2 ወረደ። ያን ጊዜም ተማሪዎቹ ክፉ አላሰቡም፤ በእጃቸው የያዙትን አላዩትም።

ስልክ ይከልከል የሚሉ አሉ፤ አልስማማም። የመማሪያ መጽሐፍ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ስልኩ የተማሪው ቤተ መጻሕፍት ነው። መጽዳት ግን አለበት። በረኪና መስታወቱን የሸፈነውን ሽፋን ይልጠዋል፣ ውሃም ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የሚሻለው 70 በመቶ አልኮል ነው። ንጹሑ አልኮል ቶሎ ስለሚተን ያን ያህል አይሠራም፤ በ70 በመቶው ውስጥ ያለው ውሃ ነው ባክቴሪያው ውስጥ ዘልቆ ፕሮቲኑን እንዲያበላሽ የሚረዳው። ስልኩ ይጠፋል፣ ከቨሩ ይወልቃል፣ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ጀርባውና ጠርዙ ጭምር ይጠረጋል፣ ከዚያ በራሱ ይደርቃል። አልኮሉን በቀጥታ ስልኩ ላይ መርጨት አይገባም።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት አዲስ አበባ ይህ መፍትሔ ቧንቧ አይጠብቅም። ዋርዱ በር ላይ ካለው የእጅ አልኮል አጠገብ አንድ ጠርሙስ 70 በመቶ አልኮልና ጥጥ ቢቀመጥ ይበቃል። ሲኒየሩ ራውንዱን ሲጀምር በቅድሚያ የራሱን ስልክ አውጥቶ ቢጠርግ፣ ከኋላው የቆሙት ተማሪዎች ሳይጠርጉ ወደ አልጋው አይጠጉም።