«ወንድነቱን አትንኩበት!» ለመሆኑ ውሻን ማኮላሸት ምን ይጠቅማል?

ለበዓል ሰንጋ ሲጎተት፣ ለድግስ ሙክት ሲገዛ «ምነው ይሄን ምስኪን አኮላሻችሁት?» ብሎ የተቆጣ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አላየንም። የሙክቱ ስብ፣ የሰንጋው ጨዋነት ከየት እንደመጣ ሁሉም ያውቃል። ወደ ግቢያችን ጃክ ወይም ቦቢ ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በተለይ ወንዶቹ «ኧረ በሕግ! ወንድነቱን አትንኩበት!» እያልን የራሳችን ጉዳይ እናስመስለዋለን።

አንድ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት (ስሙ ይቆየን) ከእህቱ ጋር የተኳረፈው በዚሁ ነው። ውሻቸው በር በተከፈተ ቁጥር ሾልኮ ይወጣና ሦስት አራት ቀን ይጠፋል። ሲመለስ ከስቶ፣ ጆሮው ተተልትሎ፣ እያነከሰ ነው። እህት «እናኮላሸው» ትላለች። ወንድም ደግሞ «ነውር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሌባ እያየ ዝም ይላል» ብሎ ይሟገታል። ታዲያ ማን ልክ ነው?

ለምን ይጠፋል?

ጠግቦ አይደለም። ሴት ውሻ ለስሪያ ስትደርስ ሽታዋ ከሩቅ ይጣራል። ወንዱን ደግሞ ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ከውስጥ ይገፋዋል። አጥር ቢዘል፣ ከስር ቢቆፍር አይፈረድበትም። ችግሩ ደጅ የሚጠብቀው ፍቅር ብቻ አለመሆኑ ነው። መኪና አለ፣ የመንጋ ጠብ አለ፣ መርዝ አለ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ ጉዳት እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው በውሻ ነው። ሰው ላይ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ ይድናል ማለት ዘበት ነው። ስለዚህ «ጃክ ትናንት የት አደረ?» የሚለው ጥያቄ አብሮት የሚላፋውን የታናሽ ወንድማችሁንም ሕይወት ይመለከታል።

ጥቅሙ

ማኮላሸት ማለት ሁለቱን የዘር ፍሬዎች በቀዶ ጥገና ማውጣት ነው። ሆርሞኑ ሲቀንስ ሴት ፍለጋ መጥፋቱ፣ በየግድግዳውና በየመኪናው ጎማ ላይ ሽንት መርጨቱ፣ በእንግዳ እግር ላይ መንጠላጠሉ በብዙዎቹ ውሾች ላይ ይቀንሳል። በሴት የተነሳ ከሌላ ወንድ ጋር መነካከሱም እንዲሁ።

በጤና በኩልም ትርፍ አለው። የዘር ፍሬው ስለሚወጣ የዘር ፍሬ ካንሰር የሚባል ነገር አይኖርም። ያልተኮላሹ ውሾች ዕድሜያቸው ሲገፋ በብዛት የሚያሰቃያቸው የፕሮስቴት ዕጢ ማበጥም በእጅጉ ይቀንሳል። አንዱ ፍሬው ሳይወርድ ሆዱ ውስጥ የቀረ ውሻ ካላችሁ ደግሞ ነገሩን ባታዘገዩት ይሻላል፤ የቀረው ፍሬ ወደ ካንሰር የመለወጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ነውና።

ሌባውስ?

ወንድምየው እዚህ ላይ ተሳስቷል። ውሻ ቤቱን የሚጠብቀው በባሕርዩ፣ በአስተዳደጉና ለጌቶቹ ባለው ፍቅር እንጂ በዘር ፍሬው አይደለም። የተኮላሸ ውሻም በሩ ሲንኳኳ ይጮኻል።

እውነቱም ይነገር

ማኮላሸት ግን ተአምር አይሠራም። ከፍርሃት የተነሳ የሚናከስ ውሻ በዚህ ላይሻለው፣ አንዳንዴም ሊብስበት ስለሚችል መጀመሪያ ሐኪም አማክሩ። ሌላው ውፍረት ነው። ከተኮላሸ በኋላ ሰውነቱ የሚፈልገው ምግብ ስለሚቀንስ እንደ ድሮው ፍትፍቱን እየቆለላችሁለት እሱም ግቢ ውስጥ ከተጋደመ ድቡልቡል ይሆንላችኋል። ምግቡን ቀነስ፣ እርምጃውን ጨመር አድርጉለት።

መቼና እንዴት?

የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ፣ ሲያድጉ ክብደታቸው ከ20 ኪሎ የማያልፍ ውሾች በ6 ወራቸው ቢኮላሹ ይመክራል። ትልልቆቹ ግን እድገታቸው እስኪያበቃ፣ ማለትም ከ9 እስከ 15 ወር ድረስ፣ ቢቆዩ ይሻላል። ትልልቅ ዝርያዎች ገና ሳያድጉ ሲኮላሹ በአንዳንዶቹ ላይ የመገጣጠሚያ ችግር እንደሚበዛ ጥናቶች አሳይተዋል።

ሥራው የእንስሳት ሐኪም ነው። በሬ ለመቀጥቀጥ የለመደ ሰው ጠርታችሁ ግቢ ውስጥ እንዳታሠቃዩት! ውሻው ሙሉ ማደንዘዣ ተወግቶ ነው የሚሠራለት። ሐኪሙ ባዘዛችሁ ሰዓት ምግብ ከልክሉት። ቤት ሲመለስ ከአስር እስከ አስራ አራት ቀን ድረስ አይሩጥ፣ አይታጠብ፣ ቁስሉንም አይላስ። ቁስሉ ካበጠ ወይም መግል ካወጣ ቶሎ መልሱት። ደግሞም ለጥቂት ሳምንታት የተረፈ ዘር ሊኖረው ስለሚችል ከሴት አርቁት።

ክትባቱን አትርሱ

ማኮላሸት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን አይተካም። ክትባቱን ሐኪሙ በሚያዛችሁ ጊዜ አስከትቡት። ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብና ያለ ምንም መዘግየት ጤና ተቋም መሄድ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር። የወንድ ውሻ ባለቤት ቡችላ አያይም። ሴቷ ከ63 ቀን ገደማ በኋላ የምትወልደው ሌላ ሰው ደጃፍ ወይም ቱቦ ውስጥ ነው። በካርቶን ተደርገው መንገድ ዳር ከሚጣሉት ውስጥ የእናንተ ጃክ ልጆች ስንቶቹ እንደሆኑ ማን ያውቃል? ለእነሱ ከማዘን በፊት እንዳይመጡ ማድረግ ይቀላል።