ገብሱን የሚያቀጭጨው ትል

ባለፈው ሳምንት ከማታ ትምህርት ልንበተን ስንል አንድ አባት ከጋቢያቸው ሥር የተነቀለ ገብስ አወጡ። ቢጫ ነው፣ ቀጭጯል።

«ልጄ፣ ይህን ምን በላው? ማሳዬ መሐል ላይ እንደ አውድማ ክብ ሆኖ ይቀጭጫል። ዳሩ ደህና ነው። ክቡ በየዓመቱ ይሰፋል። ዘንድሮ በዱቤ ማዳበሪያ ልጨምርበት ነው» አሉኝ።

እኔም አላወቅሁትም፤ አፈርኩ። በኋላ መጽሐፍ አገላበጥኩ። ነገሩ ትል ሊሆን ይችላል። ትል ከሆነ ደግሞ ማዳበሪያ አይገድለውም፤ ዕዳው ግን ይቀራል። ስለዚህ ለሁላችሁም ልጻፈው አልኩ።

ትሉ ኔማቶድ ይባላል። የሆድ ወስፋት ዘመድ ነው። ሥር የሚበላው ግን አብዛኛው ከ1 ሚሊ ሜትር ያነሰና ውሃ የመሰለ ስለሆነ በዓይን አይታይም። አፉ ላይ መርፌ አለው። በመርፌው ሥሩን ወግቶ ይመጠምጣል። የቆሰለ ሥር ውሃም ምግብም እንደ ልቡ አይስብም።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1743 ኒድሃም የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ የተጨማደደ የስንዴ ፍሬ ሰንጥቆ ውሃ ጨመረበት። በአጉሊ መነጽር ቢያይ ውስጡ ያለው ክር መሳይ ነገር መንቀሳቀስ ጀመረ! ያ የፍሬ ትል ነው። ከሥር ትሎችም ደርቀው ቆይተው በዝናብ ነፍስ የሚዘሩ አሉ። የበጋ ፀሐይ ብቻውን አይጨርሳቸውም ማለት ነው።

ሥሩን ለማየት አትንቀሉ፤ ቆፍሩ። ሲነቀል ቀጭኑ ሥር አፈር ውስጥ ይቀራል። የታመመውንና የደህናውን በውሃ አጥባችሁ አስተያዩ። ጉጥ፣ ቡናማ ቁስል ወይም ጥቃቅን ነጭ ፍሬ ካለ ጠርጥሩ። ባቄላ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ በጥፍር የሚላቀቀው ጉጥ የባቄላው ሀብት ነው፣ መሬት ያዳብራል። የትሉ ጉጥ ሥሩ ራሱ አብጦ ስለሆነ አይላቀቅም። ውሃ የቋጠረ መሬትም ሰብል ያቢጫልና ሥሩን ከነአፈሩ ለግብርና ባለሙያ ማሳየት ይሻላል።

መድኃኒቱ ማስራብ ነው። ትሉ በራሱ ሩቅ አይሄድም፤ በጎርፍና በማረሻ ጭቃ ይጓዛል እንጂ። ገብስ በገብስ ላይ ስንዘራ ግን ድግሱ አይቋረጥም። በአውስትራሊያ የስንዴ ማሳ ላይ ተልባ አንዱን የሥር ትል እንደሚያስርብ፣ ሽምብራ ግን ያንኑ ትል እንደሚያራባ ታይቷል። ጥራጥሬ ሁሉ ያድናል ማለት አይደለም።

የገረመኝ የጎመን ዘር ነገር ነው። የእኛው የጓሮ ጎመን ዘር በአሜሪካ፣ በጆርጂያና በፍሎሪዳ፣ በብርድ ወራት መሬት እንዲሸፍን ይዘራል። (ፈረንጅ ክረምት የሚለው ዝናቡን ሳይሆን ብርዱን ነው።) ከዘይቱ በተሠራ ነዳጅ እኮ በ2018 አውሮፕላን ከአሜሪካ አውስትራሊያ በርሯል፤ ከሌላ ነዳጅ ጋር ተደባልቆ ነው። ቅጠሉ ሲደቅ እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነፍጠው ኃይሉ አፈር ውስጥ ትልን ይጎዳል። ሲያብብ ታጭዶ፣ ደቆ፣ በዚያው ቀን እርጥብ አፈር ይለብሳል። ማረሻችን አፈር ስለማይገለብጥ ዶማ ይፈልጋል። ዘር ከመዝራት በፊት ሁለት ሦስት ሳምንት መቆየት አለበት፤ ኃይሉ ቡቃያም ይጎዳል።

እንከንም አለው። ጎመን ዘሩ በቁሙ ሳለ ሥሩን የሚበሉ ትሎች አሉ። እዚያ አገር ብርዱ ትሉን ያደነዝዝላቸዋል፤ በቆላችን ግን ሊራባበት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በትንሽ ቦታ መሞከር ነው።

ይህን ሁሉ ለእኚያ አባት ባነብላቸው፣ «የሚበላ ጎመን ልቅበር? ሚስቴ ምን ትለኛለች?» ብለው ሳቁ። እውነታቸውን ነው። በመጨረሻ ክቡን ለሁለት ከፍለው ግማሹን ተልባ፣ ግማሹን ጎመን ዘር ሊያደርጉት አሰቡ። ማዳበሪያውን ግን ሥሩ ሳይታይ አልወስድም ብለዋል። ቅዳሜ አብረን እንቆፍራለን፤ ዶማው ከእሳቸው፣ የማጠቢያው ባልዲ ከእኔ።