ቀላልነት ያለውን የሩቅ ማቅረቢያ ሌንስ ከማስመጣት በፊት ሊመረመሩ የሚገባቸው ነገሮች

የፎቶግራፍ መሣሪያ ንግድ እንደ ጨርቃ ጨርቅ ወይም እንደ ቆርቆሮ ንግድ ዕቃውን በዓይን በማየትና በእጅ በመዳሰስ ብቻ የሚታወቅ አይደለም። ሁለት ሌንሶች በመልክና በመጠን ፍጹም ተመሳስለው ሳለ አንደኛው ለደንበኛው ደስታን፣ ሁለተኛው ግን ጸጸትን የሚያተርፍ ሊሆን ይችላል። ዕቃው የሚመጣው በብዙ ድካም በሚገኝ የውጭ ምንዛሪ ስለሆነ፣ ሳይመረመር የታዘዘ ሌንስ በመደርደሪያ ላይ ሲቀር የነጋዴውን ገንዘብ አስሮ ያስቀምጣል። ለማይስማማው ደንበኛ ሲሸጥ ደግሞ የሱቁን ስም ያጎድፋል። ስለዚህ አስመጪውም ባለሱቁም የዚህን ዕቃ ጠባይ አስቀድመው ቢያውቁ ጥቅሙ የራሳቸው ነው።

የሩቅ ማቅረቢያ ወይም ቴሌፎቶ የሚባለው ሌንስ በሩቅ ያለውን ነገር አቅርቦና አጉልቶ የሚያሳይ የካሜራ መነጽር ነው። ዙም የሚባለው ደግሞ ፎቶግራፍ አንሺው ካለበት ቦታ ሳይነቃነቅ ቀለበቱን በማዞር ብቻ ሥዕሉን እንዲያቀርብና እንዲያርቅ የሚያስችለው ነው። ይህ ዓይነት መሣሪያ ለተራው ፎቶግራፍ አንሺ መቅረብ የጀመረው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. የጀርመኑ ፎክትሌንደር ኩባንያ ለ35 ሚሊሜትር ካሜራ የሚሆነውን ዙማር የተባለ ሌንስ ባወጣ ጊዜ ነበር። በዚያው ዓመት የጃፓኑ የኒኮን ፋብሪካ ከ85 እስከ 250 ሚሊሜትር የሚደርስ የሩቅ ማቅረቢያ ዙም አወጣ። እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ሌንሶች ከባድና ውድ ነበሩ። ዛሬ ግን በአንድ እጅ የሚያዙና በትንሽ ቦርሳ የሚገቡ ሆነዋል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ኒኮን በ2016 ዓ.ም. ያወጣውን ኤ ኤፍ-ፒ ዲ ኤክስ የተባለውን ከ70 እስከ 300 ሚሊሜትር የሚደርስ ሌንስ መመልከት ይጠቅማል። ክብደቱ 415 ግራም ያህል ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ይኸው ፋብሪካ ለባለሙያዎች ያወጣው ከ70 እስከ 200 ሚሊሜትር የሚደርሰው ኤፍ 2.8 ሌንስ ግን 1,430 ግራም ይመዝናል። እንግዲህ ርቀት በማቅረብ የሚበልጠው ሌንስ በክብደት ከሲሶ ያነሰ ሆኖ ሲገኝ፣ አስተዋይ ነጋዴ «የቀረው ክብደት ወዴት ሄደ? በምንስ ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

መልሱ በሦስት ይከፈላል። አንደኛው የብርሃን መግቢያው መጠን ነው። በሌንሱ ላይ «ኤፍ» ከሚለው ፊደል ጋር የተጻፈው ቁጥር የሌንሱ ርዝመት በብርሃን መግቢያው ስፋት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ስለሆነም ቁጥሩ ባነሰ መጠን መግቢያው ይሰፋል። ይህ ቀላል ሌንስ በ300 ሚሊሜትር ላይ ኤፍ 6.3 ስለሆነ የመግቢያው ስፋት ወደ 48 ሚሊሜትር ይሆናል። በዚያው ርዝመት ኤፍ 2.8 ይሁን ቢባል ግን ከ107 ሚሊሜትር የማያንስ ስፋት ያለው መስተዋት ያስፈልገው ነበር። የሌንስ ክብደትም ዋጋም በብዛት ያለው በዚሁ መስተዋት ላይ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ሌንሱ የተሠራው ዲ ኤክስ ለሚባሉት አነስተኛ የሥዕል መቀበያ ላላቸው ካሜራዎች በመሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ አካሉም ከካሜራው ጋር የሚገጥምበት ቀለበትም ከብረት ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠራ መሆኑ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነገር ባለሱቁ ለደንበኛው በግልጽ ሊነግረው ይገባል። ኤፍ 6.3 የሚያስገባው ብርሃን ኤፍ 2.8 ከሚያስገባው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በባለሙያው ሌንስ በ1/500 ሰከንድ ሊነሣ የሚችል ፎቶግራፍ፣ የካሜራው የብርሃን ትብነት ካልተለወጠ፣ በዚህ ሌንስ 1/100 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ትብነቱን ከፍ በማድረግ ይህን ማካካስ ይቻላል፤ ዳሩ ግን ሥዕሉ አሸዋ የተነሰነሰበት መስሎ ይሻክራል። በጠራ ፀሐይ የጥምቀትን ሰልፍ፣ በጎዳና ላይ የሚሮጡትን ሯጮች፣ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የሚገኙትን ወፎች ወይም በሰሜን ተራሮች የሚሰማሩትን ጭላዳዎች ለሚያነሣ ሰው ሌንሱ ይበቃዋል፤ ቀኑን ሙሉ አንግቶት ቢውልም ትከሻው አይዝልም። በምሽት የሠርግ አዳራሽ ወይም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሠራ ፎቶግራፍ አንሺ ግን ይህንኑ ሌንስ ገዝቶ ቢሄድ በማግስቱ ተቈጥቶ መመለሱ አይቀርም። የሠርግ ፎቶግራፍ ሁለተኛ የማይነሣ ስለሆነ የደንበኛው ጉዳት ከሌንሱ ዋጋ በላይ ነው።

አሁን ለአስመጪው ከሁሉ ይልቅ አስጊ ወደሆነው ነገር እንለፍ። ይኸው ሌንስ በሁለት ዓይነት ተሠርቷል። አንደኛው የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ መሣሪያ በውስጡ ያለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ይህ የሌለው ነው። በመካከላቸው ያለው የክብደት ልዩነት 15 ግራም ብቻ ስለሆነ በእጅ መዝኖ መለየት አይቻልም። የሚለዩት በአካሉና በካርቶኑ ላይ «ቪ አር» የሚሉት ሁለት ፊደሎች በመኖራቸው ወይም ባለመኖራቸው ብቻ ነው። በእነዚህ ካሜራዎች ላይ 300 ሚሊሜትር እንደ 450 ሚሊሜትር ሆኖ ስለሚያቀርብ፣ ማረጋጊያ የሌለውን ሌንስ በእጅ ይዞ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ለማንሣት 1/500 ሰከንድ ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል። ፋብሪካው እንደሚለው ማረጋጊያው አራት እርከን የሚያግዝ ስለሆነ፣ ለቆመ ነገር እስከ 1/30 ሰከንድ ድረስ ሊወርድ ይቻላል። ማረጋጊያው የሚያረጋጋው ግን የአንሺውን እጅ እንጂ የሚሮጠውን ሰው አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። ስለዚህ ከውጭ አገር ሻጭ ጋር የሚጻፈው የግዢ ማዘዣ «ከ70 እስከ 300 ሌንስ» ብሎ ብቻ መቅረት የለበትም። ሙሉው ስም ከነፊደሎቹ ሊጻፍ ይገባል።

ሌላው ወጥመድ የካሜራው ዕድሜ ነው። «ኤ ኤፍ-ፒ» የተባሉት ሌንሶች ትኩረታቸውን የሚያስተካክሉት አዲስ ዓይነት በሆነ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። የእጅ ማስተካከያው ቀለበት እንኳ ሥራውን የሚሠራው በዚሁ ሞተር አማካይነት ነው። ስለሆነም ዲ 80፣ ዲ 90 እና ዲ 3000 በመሳሰሉት የቀደሙ ካሜራዎች ላይ ሌንሱ በትክክል ይገጥማል እንጂ በራሱም ሆነ በእጅ ትኩረቱ ሊስተካከል አይችልም። በተጨማሪም በሌንሱ አካል ላይ የማረጋጊያው ማብሪያና ማጥፊያ የለም፤ የሚታዘዘው ከካሜራው ውስጥ ነው። ስለዚህ ባለሱቅ «ምን ካሜራ አለዎት?» ብሎ ሳይጠይቅ ይህን ሌንስ መሸጥ አይገባውም። ደንበኛው ካሜራውን ይዞ እንዲመጣና በሱቁ ውስጥ እንዲሞክረው ማድረግ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ዕቃው ከገባ በኋላ ከያንዳንዱ ጭነት ጥቂቱን አውጥቶ መመርመር ልማድ ሊሆን ይገባል። ምርመራውም ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ነው። በመጀመሪያ አንድ የታተመ ጋዜጣ በግድግዳ ላይ አለመጨማደዱን አረጋግጦ መለጠፍ ነው። ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጎ፣ ማረጋጊያውን አጥፍቶ፣ ከጋዜጣው ጋር ትይዩ በማቆም በ70፣ በ135፣ በ200 እና በ300 ሚሊሜትር ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል። የእያንዳንዱም አንድ በሰፊው መግቢያ፣ አንድ ደግሞ በኤፍ 8 ይሁን። ጠርዙ ከመካከሉ ትንሽ ቢደበዝዝ የዚህ ዓይነት ሌንስ ጠባይ ነው፤ በኤፍ 8 ላይም መሻሻል ይኖርበታል። የግራው ጠርዝ ጥርት ብሎ የቀኙ ብቻ ቢደበዝዝ ግን፣ ካሜራው ቀጥ ብሎ መቆሙ ከተረጋገጠ፣ መስተዋቶቹ ከመስመራቸው የወጡ ስለሆነ ሌንሱ ወደ ሻጩ መመለስ አለበት። ቀጥሎ በመንገድ ላይ ወደ ካሜራው የሚመጣ መኪና ደጋግሞ በማንሣት ትኩረቱ ሳይዘገይ መከተሉን ማየት ይገባል። በመጨረሻም የዙሙ ቀለበት ሳይንቋቋና ሳይያዝ መዞሩ ይታያል።

ያገለገሉ ሌንሶች የሚያስመጡ ነጋዴዎች ደግሞ ከዚህ የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። ሌንሱን በጨለማ ክፍል በእጅ ባትሪ እያበሩ ውስጡን ሲመለከቱት የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ከታየ ሻጋታ ነው። ሻጋታ ከቆየ የመስተዋቱን ሽፋን ስለሚበላ፣ ቢጠረግ እንኳ ምልክቱ ላይጠፋ ይችላል። ዕቃችን በአብዛኛው የሚያልፈው ሙቀትና ወበቅ ባለበት በጅቡቲ ወደብ ስለሆነ በየካርቶኑ ውስጥ እርጥበት መጣጭ ከረጢት መኖሩን ማረጋገጥ፣ በመጋዘንም ደረቅ ቦታ መምረጥ ያስፈልጋል። ይህ ቀላል ሌንስ አቧራና ዝናብ የሚከላከል ጎማ በመግጠሚያው ላይ ስለሌለው፣ በበጋ በገጠር ለሚሠራ ደንበኛ መሸፈኛ ከረጢት አብሮ መሸጥ ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል።

አስመጪው የገበያውንም አካሄድ ሊያስብበት ይገባል። ኒኮን በ2018 ዓ.ም. ዜድ የተባለውን መስተዋት አልባ ካሜራ አውጥቷል። ለዚሁ ወገን አነስተኛ ካሜራዎች በ2019 ዓ.ም. ያወጣው ከ50 እስከ 250 ሚሊሜትር የሚደርስ ሌንስ 405 ግራም ብቻ የሚመዝንና ማረጋጊያ ያለው ነው። የቀድሞውን ሌንስ በአዲሱ ካሜራ ላይ በማገናኛ ቀለበት መጠቀም ይቻላል፤ ነገር ግን ቀለበቱ ዋጋም ክብደትም ይጨምራል። አዲስ ካሜራ የሚገዛ ሰው አዲሱን ሌንስ መምረጡ የማይቀር ስለሆነ፣ የቀድሞውን ዓይነት በብዛት አከማችቶ መጠበቅ የሚመከር አይደለም። በአካባቢው የትኞቹ ካሜራዎች እንደሚበዙ ከፎቶግራፍ ቤቶችና ከጠጋኞች ጠይቆ፣ በዚያው ልክ ጥቂት ጥቂት እያሉ ማዘዝ ይሻላል።

በአጭሩ ቀላሉ ሌንስ መጥፎ ዕቃ አይደለም። በክብደቱና በዋጋው ያተረፈውን በብርሃንና በጥንካሬ የከፈለ ዕቃ ነው። ይህን አውቆ ለሚገባው ሰው የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ያተርፋል። ማዘዣ ከመፈረም በፊት ፊደሎቹን ማንበብ፣ ከመሸጥ በፊት የደንበኛውን ካሜራና የሥራውን ዓይነት መጠየቅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በችኮላ የታዘዘ ዕቃ የሚያስከትለው ክርክር ግን ወራት ይፈጃል።