አዲስ የተገዙ ዶሮዎችን ከነባሮቹ ጋር ከመቀላቀል በፊት ምን መደረግ አለበት?

ከገበያ ሁለት ወይም ሦስት ቄብ ዶሮዎችን ገዝቶ የሚመለስ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ የእግራቸውን ማሰሪያ ፈትቶ ወዲያውኑ ከነባሮቹ መካከል ይለቃቸዋል። ሳምንት ሳይሞላ ግን አዲሶቹ ብቻ ሳይሆኑ ለወራት እንቁላል ሲጥሉ የቆዩት ጭምር እንደ ቅጠል የሚረግፉበት ጊዜ አለ። በእንቁላል ሽያጭ የልጆቿን ደብተርና የቤቷን ጨውና ዘይት ለምትሸፍን እናት ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

አዲስ ዶሮ ወደ ቤት ሲገባ የሚያጋጥመው ችግር ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በሽታ ሲሆን ሁለተኛው በዶሮዎቹ መካከል የሚነሳው ፍልሚያ ነው።

ከበሽታዎቹ ሁሉ አስፈሪው ፈንግል ነው። ፈንግል በቫይረስ የሚመጣ በመሆኑ ፈዋሽ መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ያላገኙ ዶሮዎችን ጠራርጎ ሊጨርስም ይችላል። የታመመች ዶሮ ትፈዝዛለች፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ አረንጓዴ ተቅማጥ ያስቀምጣታል፣ አንገቷ ይጠማዘዛል፣ እግሯና ክንፏም ይዝላል። ችግሩ ግን ቫይረሱ ወደ ሰውነቷ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 15 ቀናት መውሰዱ ነው። በገበያ ቀን ጤነኛ መስላ የተገዛች ዶሮ በሽታውን ይዛ ልትመጣ ትችላለች። በሽታ መግባቱን ያወቁ ሰዎች ዶሮዎቻቸው ሳይሞቱባቸው ወደ ገበያ ማውጣታቸውም ስርጭቱን ያባብሰዋል።

በመሆኑም የመጀመሪያው እርምጃ መለየት ነው። አዲሶቹን ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ለአንድ ወር በሌላ ቤት ወይም ከነባሮቹ ራቅ ባለ መጠለያ ማቆየት ያስፈልጋል። መመገቢያቸውና ውኃ መጠጫቸው የተለየ ይሁን። በየዕለቱ በቅድሚያ ነባሮቹን፣ ቀጥሎ አዲሶቹን መንከባከብ፣ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብና ጫማን ማጽዳት ይገባል። በላባቸው ሥር ቅማልና ሌላ ተባይ መኖር አለመኖሩም በዚሁ ጊዜ ይፈተሻል።

ክትባትን በተመለከተ በአቅራቢያ የሚገኘውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ማማከር ተገቢ ነው። አንድ የክትባት ብልቃጥ ለብዙ ዶሮዎች የሚበቃ ሲሆን ከተከፈተ በኋላ ሊቀመጥ አይችልም። ስለዚህ ጎረቤታሞች ቀን ቆርጠው በአንድነት ቢያስከትቡ ወጪው ይቀንሳል፤ ነጻ ተለቅቀው የሚውሉ የመንደሩ ዶሮዎችም በጋራ ይጠበቃሉ። ክትባቱ በቂ የመከላከል አቅም እስኪገነባ ሁለት ሳምንት ገደማ ስለሚወስድ በገዙበት ዕለት አስከትቦ በማግሥቱ መቀላቀል ጥቅም የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ደረጃ ነው። ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤቤ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳመለከተው፣ አብረው የሚኖሩ ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚነቁር የሚወስን ሥርዓት አላቸው። በመኖም ሆነ በቆጥ ላይ ቅድሚያ የሚያገኙት በዚሁ ተራ ነው። እንግዳ ሲመጣ ተራው ይናጋና ፍልሚያ ይነሳል።

ፍልሚያውን ለማርገብ አዲሶቹንና ነባሮቹን በሽቦ ወይም በቀርከሃ አጥር ለይቶ ለአንድ ሳምንት ያህል እንዲተያዩ ማድረግ ይጠቅማል። ከዚያ በኋላ አመሻሽ ላይ ቆጥ ላይ ማስፈር ይመረጣል፤ ዶሮ በጨለማ በደንብ ስለማታይ ሌሊቱ ያለ ጠብ ያልፋል። አንዲት ዶሮ ብቻዋን ከምትገባ ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ቢገቡ ጥቃቱ ይከፋፈላል። መመገቢያና ውኃ መጠጫ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ፣ በዶሮ ቤት ውስጥም በአንድ ካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ እንዳይበልጥ ማድረግ ሽሚያውን ይቀንሳል።

መጠነኛ መነቋቆር የሚጠበቅ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይበርዳል። የደማች ዶሮ ግን ወዲያውኑ መለየት አለባት፤ ሌሎቹ ቀዩን እያዩ ቁስሏን እየነቆሩ ሊገድሏት ይችላሉ።

የ45 ቀን ጫጩት የሚገዙ ሰዎች የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል። ጫጩቶቹ በመጠን ከነባሮቹ ጋር እስኪቀራረቡ ድረስ መቀላቀል የለባቸውም። ለእንቁላል ጣይ ዶሮዎች የሚዘጋጀው መኖ ካልሲየም የበዛበት በመሆኑ የጫጩቶችን ኩላሊት ይጎዳል።

በተለዩበት ወቅት የታመመች ዶሮ ከተገኘች ለገበያ ማውጣት አይገባም። የሞተችውንም ለውሻ ከመጣል ይልቅ በጥልቅ ጉድጓድ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለባለሙያም ፈጥኖ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ የጥቂት ሳምንታት ትዕግሥት የቤቱንም የመንደሩንም ዶሮዎች ያተርፋል።