ስለ ደም የሚማሩ ልጆቻችንና ደም መስጠት

ባለፈው የትንሣኤ ሰሞን፣ ቀድሞ ያስተማርነውና ዛሬ የሕክምና ተማሪ የሆነ አንድ ወጣት ሊጠይቀን ወደ ቤታችን መጣ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ ትምህርቱ ብንጠይቀው የደምን ነገር አሳምሮ አስረዳን። ካርል ላንድስታይነር የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ የሰው ደም በዓይነት የተለያየ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1901 እንደ ገለጠ፣ ስለዚህም በ1930 የኖቤል ሽልማት እንደ ተቀበለ ነገረን። በአንድ ሙሉ ሰው አካል ውስጥ 5 ሊትር ያህል ደም ሲኖር ለጋሹ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ከግማሽ ሊትር እንደማይበልጥ፣ ይህንንም አካሉ ራሱ መልሶ እንደሚተካው ጨመረልን።

እኛም፦ «ልጄ፣ አንተስ ሰጥተህ ታውቃለህ?» አልነው።

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። «እውነቱን ልንገርዎ መምህር፤ አንድም ቀን አልሰጠሁም። የፈተናው ጥድፊያ አለ፤ እናቴም ‹እንዲህ ከስተህ ደምህን ብትሰጥ በምን ጉልበት ትማራለህ?› ትለኛለች» አለን።

ይህ የእርሱ ብቻ ነገር አይደለም። በአገራችንም ሆነ በሌሎች አገሮች በሕክምና ተማሪዎች መካከል የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ የሚያውቁት ብዙዎች ሲሆኑ የሚሰጡት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንዳንዱ መርፌን ይፈራል፤ አንዳንዱ እደክማለሁ ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ስጥ ብሎ የጠየቀው የለም። ዘመዴ ሲታመም እሰጣለሁ የሚልም አለ።

ነገር ግን ከወሊድ በኋላ ደም በብዛት የሚፈስሳት እናት ዘመድ እስኪሰበሰብ መቆየት አትችልም። የተቀዳውም ደም ከኤች አይ ቪ፣ ከጉበት ቫይረስና ከቂጥኝ ነጻ መሆኑ አስቀድሞ መመርመር አለበት። ቀይ የደም ሕዋሳት በማቀዝቀዣ ቢቀመጡም ከ42 ቀን በላይ ስለማይቆዩ እንደ እህል በጎተራ አይከማቹም። በቀይ መስቀል ማኅበር ይመራ የነበረው የአገራችን የደም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሲዛወር፣ ከቤተ ዘመድ ምትክ ይልቅ በበጎ ፈቃድ ሰጪዎች ላይ እንዲመሠረት የተደከመውም ስለዚህ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችንን አንከልክል። ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ሊሰጥ ይችላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ግን አይሰጡም። ባዶ ሆድ ሆኖ መስጠትም ስለማይገባ፣ ጿሚ የሆነ ሰው ከተመገበ በኋላ ያለውን ሰዓት ይምረጥ።

ወጣቱን ከመምከራችን በፊት ግን ራሳችንን ጠየቅን። ስለ በጎ ሥራ ሃያ ዓመት ስናስተምር፣ እኛም ክንዳችንን አንድ ቀን አልዘረጋንም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት አብረን ሄድን። የወጣቱ ክብደት 54 ኪሎ ሆኖ ስለ ተገኘ እናቱ የሚከራከሩበት ነገር አጡ። ሥራው ከሩብ ሰዓት አልፈጀም። ስንወጣ እናቱ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ለሁለታችንም በሶ በጥብጠው ይዘዋል። በሶውን ከሰጡን በኋላ፦ «እኔስ ዕድሜዬ ይፈቅድልኝ ይሆን?» ብለው ጠየቁን።