ጎሉን ተዉት፣ ሙከራውን ቁጠሩ

መቐለ ውስጥ ቃላሚኖ ሲባል አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ልዩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ነው፤ በፈተና ላቅ ያሉትን ልጆች መርጦ የሚያስገባው። እኔ ሰፈሩን የማስታውሰው በአንድ ደብተር ነው። ባለቤቱ ወዳጄ ነው፤ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከማኪያቶው ጎን ይዘረጋዋል። ገጹ በማስመሪያ ተሰምሮ አምዶች ወጥተውለታል፦ ደቂቃ፣ ሙከራ፣ ሳጥን ውስጥ፣ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ተጋጣሚ። ጎል የሚል አምድ ብፈልግ አጣሁ። ለምን እንደሌለ ስጠይቀው ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሓወይ፣ ጎሉንማ ሁሉም ሰው አይቶታል» አለኝ።

ደብተሩ የፋንታሲ ደብተር ነው። ፋንታሲ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንባቢ ቀጣዮቹን ሁለት አንቀጾች ዘሎ ይጠብቀን።

ጨዋታው የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከ2002/03 የውድድር ዘመን ጀምሮ የሚያካሂደው ነው፤ መግቢያ አያስከፍልም። 100 ሚሊዮን የምናብ ፓውንድ ይሰጣችኋል፤ በዚያ 15 ተጫዋች ትገዛላችሁ፦ 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አይፈቀድም። በየሳምንቱ 11ዱን አሰልፋችሁ አንዱን ካፒቴን ታደርጋላችሁ፤ የካፒቴኑ ነጥብ በእጥፍ ይቆጠራል። ከዚያ ተጫዋቾቹ በእውነተኛው ሜዳ የሠሩት ሁሉ ነጥብ ይሆናል። አጥቂ ጎል ሲያገባ 4፣ አማካይ 5፣ ተከላካይ 6። ለጎል የሚሆን ኳስ ያቀበለ 3። ተከላካይና ግብ ጠባቂ ጎል ሳይገባባቸው ከወጡ 4። ቢጫ ካርድ 1 ይቀንሳል፣ ቀይ ካርድ 3፣ የሳተ ፍጹም ቅጣት ምት 2።

በሳምንት አንድ ተጫዋች በነጻ መቀየር ይቻላል፤ ያልተጠቀማችሁበት እስከ 5 ይጠራቀማል። ከዚያ ያለፈ እያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ያስቀንሳል። እናቴ ይህን ሁሉ ካስረዳኋት በኋላ «ላም አለኝ በሰማይ በለኛ!» ብላ ነበር። ልክ ናት፤ የላሟን ወተት ግን 38 ሳምንት ሙሉ እንለካለን።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። ብዙዎቻችን ሰኞ ጠዋት የምናደርገው አንድ ነው፦ ትናንት ሦስት ጎል ያገባውን መግዛት። እኔም አንድ ጊዜ 4 ነጥብ ከፍዬ፣ በወዳጆች መካከል ከምንፎካከርበት ሚኒ ሊግ ሰዎች ጋር እየተሽቀዳደምኩ፣ ሐትሪክ የሠራ አጥቂ አስገባሁ፣ ካፒቴንም አደረግሁት። በሚቀጥለው ቅዳሜ 90 ደቂቃ ተጫውቶ 2 ነጥብ ሰጠኝ። ለካፒቴንነቱ ሲታጠፍ 4፤ የከፈልኩት 4። ድምሩ ዜሮ። የቃላሚኖው ወዳጄ አልሳቀብኝም፤ ደብተሩን ብቻ ወደ እኔ አዞረው። ያ አጥቂ ሐትሪክ ከሠራበት ጨዋታ በፊት በነበሩት አራት ጨዋታዎች ሳጥን ውስጥ የሞከረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር።

ከጎል ይልቅ ሙከራን የመቁጠር አስተሳሰብ በሌላ ኳስም አለ። ፋንታሲን የፈጠሩት አሜሪካውያን ናቸው፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ከኦክላንድ ሬይደርስ ቡድን ጋር ቅርበት የነበራቸው ሰዎች ኒውዮርክ ውስጥ ባለ ሆቴል ተቀምጠው የመጀመሪያውን ሕግ አወጡ። እነሱ ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ በእጅ ነው፦ ኳርተርባክ የሚሉት ይወረውራል፣ ሪሲቨር የሚሉት ሮጦ ይቀበላል። ኳሱ ወደ አንድ ተቀባይ በተወረወረ ቁጥር፣ ቢይዘውም ባይዘውም፣ «ታርጌት» ተብሎ ይመዘገባል። በ2021 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ለሎስ አንጀለስ ራምስ የተጫወተው ኩፐር ከፕ 191 ጊዜ ተወርውሮለት 145 ጊዜ ያዘ፤ በአማካይ በአንድ ጨዋታ ከ11 በላይ ታርጌት መሆኑ ነው።

ያልተያዘውን ኳስ መቁጠር ምን ይጠቅማል? አንድ ተቀባይ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ መስመር አልፎ ነጥብ ሊያስቆጥር ይችላል፤ ንፋስ፣ የተንሸራተተ ተከላካይ፣ የዳኛ ፊሽካ፣ ብዙ ነገር ይረዳዋል። 11 ጊዜ እንዲወረወርለት ግን ዕድል አይበቃም። አሰልጣኙ አስቦበታል፣ ወርዋሪው አምኖበታል። ነጥቡ ባለፈው ሳምንት የሆነውን ይነግራችኋል፤ ታርጌቱ ቡድኑ በዚያ ሰው ላይ የጣለውን አደራ ያሳያል። አደራ ደግሞ ከሳምንት ሳምንት በቀላሉ አይለወጥም። የፋንታሲ ተጫዋች ደግሞ የሚገዛው ያለፈውን ሳይሆን የሚመጣውን ሳምንት ነው።

በእኛ ኳስ ማንም ለማንም አይወረውርም። ግን አቻ አለው፦ ተጫዋቹ የተጋጣሚ ሳጥን ውስጥ ስንት ጊዜ ኳስ ነካ? ስንት ጊዜ ሞከረ? ከየት ሆኖ? ይህን ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር የሚያጠቃልለው በአሁኑ ዘመን «ኤክስጂ» የሚባለው ነው፤ በአማርኛ የሚጠበቅ ጎል እንበለው። ከዚህ በፊት የተደረጉ እጅግ ብዙ ሙከራዎች ተመዝግበው፣ ከዚያ ርቀት፣ ከዚያ አቅጣጫ፣ በግንባር ወይም በእግር የተሞከረ ኳስ ከመቶ ስንቱ ጎል እንደሆነ ይሰላል። ፍጹም ቅጣት ምት 0.79 ያህል ነው፤ ከመቶ 79ኙ ይገባል ማለት ነው። ከሳጥን ውጪ የሚለጋ ኳስ በአማካይ ከመቶ ሦስት አራቱ ነው የሚገባው፤ ያች የምንጮህላት ጎል የብዙ ያልገቡ ኳሶች እህት ናት። ከ2022/23 ጀምሮ ይህ ቁጥር በፋንታሲው መተግበሪያ ላይ በየተጫዋቹ ስም ሥር ይገኛል። የሚያየው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ወዳጄ ወደ ቁጥር የገባው በወረት አይደለም። የ2020/21 ሰባተኛ ሳምንት የተዘጋው ጥቅምት 23 ቀን 2013 ምሽት ነው፤ ሌስተር ሊድስን 4 ለ 1 አሸነፈ። በማግስቱ ሌሊት የትግራይ ጦርነት ተጀመረ፣ መቐለ ላይ ኢንተርኔት ጠፋ። ፋንታሲ ላይ ባለቤቱ የጠፋበት ቡድን አይፈርስም። የተጎዳውን ከተቀያሪ ወንበር እየተካ፣ ካፒቴኑ ካልተሰለፈ ምክትሉን እያስጠቀመ፣ ብቻውን ይጫወታል። የወዳጄ ቡድን ከስምንተኛው እስከ 38ኛው ሳምንት፣ 31 ሳምንት፣ ማንም ሳይነካው ተጫወተ። ጦርነቱን ያስቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመና ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ፣ በ2015፣ መለያውን ሲከፍት ያለፉት ዘመናት ዝርዝር ውስጥ የ2020/21 ውጤቱ ተቀምጧል። የ2021/22 መስመር የለም።

የጠበቀው ሊግ ሌላ ሊግ ነበር። ብሬንትፎርድ አድጎ ገብቷል፣ ሃላንድ ማንቸስተር ሲቲ ነው፣ ከሚያውቃቸው ተጫዋቾች ብዙዎቹ ማልያ ቀይረዋል። እኛ ስንነግረው «እገሌ ጥሩ ነው» እንላለን፤ እሱ እገሌን አንድ ቀን ሲጫወት አላየውም። ስለዚህ ስሙን በወረቀት ሸፍኖ ቁጥሩን ብቻ አነበበ። ዝናቸውን ስላልሰማ በዝና አልተታለለም። እኛ ስማቸውን ስናይ ያሳለፉትን ዘመን እናስታውሳለን፤ እሱ የሚያየው ያለፉትን ስድስት ጨዋታዎች ብቻ ነው።

አንድ ገጽ እንመልከት፤ ለማስረዳት ያህል የፈጠርኩት ቁጥር ነው። ሁለት አጥቂዎች፣ ዋጋቸው እኩል፣ ሁለቱም ስድስት ጨዋታ ሙሉ ተጫውተዋል። የመጀመሪያው 9 ጊዜ ሞክሮ 5 አግብቷል፤ ሳጥን ውስጥ የሞከረው 3 ጊዜ ነው፣ የሚጠበቅ ጎሉ 1.5። ሁለተኛው 24 ጊዜ ሞክሮ 1 አግብቷል፤ 17ቱ ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ የሚጠበቅ ጎሉ 4.2። ካፌው ውስጥ ሁለተኛው ይሰደባል። የመጀመሪያውን ሰው ሁሉ ስለሚገዛው ዋጋው ይንራል፤ ሁለተኛው በሽያጭ ብዛት ይረክሳል። የሚመጡት ስድስት ጨዋታዎች እንዳለፉት ቢሆኑ ግን ከመጀመሪያው በጎል 6 ነጥብ፣ ከሁለተኛው 17 ነጥብ ይጠበቃል። ወዳጄ ሁለተኛውን ይገዛል። ሁለት ሳምንት ይሰደባል፣ ከዚያ ዝም ይባልለታል።

አምዶቹ እኩል ክብደት የላቸውም። ከሁሉ የሚቀድመው ደቂቃ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጠ አጥቂ የሚጠበቅ ጎሉ ዜሮ ነው፤ የአሰልጣኝ ጓርዲዮላን አሰላለፍ ለመገመት የሞከረ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። ቀጥሎ ፍጹም ቅጣት ምት የሚመታው ማን ነው የሚለው። ኮል ፓልመር በ2023/24 ከሲቲ ወደ ቼልሲ ሲሄድ በፋንታሲ ዋጋው 5 ሚሊዮን ነበር፤ 22 ጎል አግብቶ በ244 ነጥብ የዓመቱ አንደኛ ሆነ። ከ22ቱ 9ኙ ፍጹም ቅጣት ምት ናቸው። ቼልሲ ውስጥ ኳሱን የሚያነሣው እሱ መሆኑን ቶሎ ያየ ሰው በርካሽ ገዛው፤ «ልጅ ነው፣ ይጠብቅ» ያልን ሰዎች 6 ሚሊዮን ሲደርስ ተሰለፍን።

ቁጥሩ ግን አይሳሳትም እያልኩ አይደለም። የኖቲንግሃም ፎረስቱ ክሪስ ዉድ በ2024/25 ከሚጠበቅበት እጅግ አልፎ 20 ጎል አገባ። ደብተሩ «ይበቃዋል፣ ይቀዘቅዛል» ሲል ከረመ፤ ሰውዬው ሳይቀዘቅዝ ዓመቱ አለቀ። ወዳጄ ያንን ዓመት ሲያነሡበት አይወድም። ያኔ የሊቨርፑል የነበረው ዳርዊን ኑኔዝ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ በ2023/24 ዕድሉ ሳይጠፋ ብረት እየመለሰበት፣ ራሱም እየሳተ፣ 11 ጎል ላይ ቆመ። አንዳንዱ ሰው አጨራረሱ ከቁጥሩ ይበልጣል፣ አንዳንዱ ያንሳል። የሁሉም አማካይ በአንድ ሰው እግር ላይ አይሠራም። መሐመድ ሳላህን የመሰለውን ለመምረጥ ደግሞ ደብተር አያስፈልግም፤ በ2024/25 በ29 ጎልና በ18 የጎል ኳስ 344 ነጥብ ሰብስቦ የጨዋታውን ክብረ ወሰን ሲይዝ፣ ከወንበር ሳይነሡ ካፒቴን ያደረጉት ሁሉ በልተዋል። ደብተሩ የሚጠቅመው ሰባተኛና ስምንተኛ ተጫዋች ላይ፣ 5 እና 6 ሚሊዮን ሰፈር ነው። ሚኒ ሊግ የሚለየውም እዚያ ነው።

በ2025/26 ደግሞ ጨዋታው ራሱ ወደ ደብተሩ ተጠጋ። አንድ ተከላካይ በአንድ ጨዋታ ኳስ ማጽዳት፣ መመከት፣ መጥለፍና መንጠቅ ተደምሮ 10 ከሞላ 2 ነጥብ ያገኛል፤ ለአማካይና ለአጥቂ የተመለሰ ኳስም ተጨምሮ 12 ነው። ድሮ ማንም የማያየው የጉልበት ሥራ ዛሬ ይከፈልበታል። ብዙ ጊዜ የሚጠቃ ቡድን ተከላካይ፣ ሥራ ስለሚበዛበት፣ ከአሸናፊው ተከላካይ የተሻለ የሚገዛበት ጊዜ መጥቷል። ይህን ሕግ እኔ ወድጄዋለሁ።

አንድ ነገር ያስቆጨኛል። መቐለ 70 እንደርታ በ2011 የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግን ዋንጫ ሲያነሣ አጥቂዎቹ ስንት ጊዜ ሳጥን ውስጥ እንደሞከሩ የሚነግረኝ ሠንጠረዥ አላየሁም። የትግራይ ክለቦች በ2017 ወደ ሊጉ ሲመለሱም ያገኘሁት ጎል፣ ካርድና የነጥብ ደረጃ ነው። የእንግሊዝን ተቀያሪ ተጫዋች ሙከራ እናውቃለን፣ የራሳችንን ኮከብ ግን በትዝታ ነው የምንመዝነው። አምስት አምድ ለማስመር ማስመሪያና እርሳስ ይበቃል። የሰፈሩን ቡድን ጨዋታ በደብተር የሚይዝ አንድ የቃላሚኖ ተማሪ ቢገኝ የዓመቱን ደብተር ከእጁ እገዛዋለሁ።

እስከዚያው የእንግሊዙን እንጠብቅ። አሰላለፍ የሚዘጋው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ከመጀመሩ 90 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጨዋታ ቅዳሜ ቀትር ላይ ከሆነ በእኛ ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ይዘጋል፤ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደኋላ ስለሚመልሱ 8 ሰዓት ይሆናል። ዓርብ ማታ ጨዋታ ካለ ግን ቅዳሜን ስትጠብቁ ሰዓቱ ያመልጣችኋል፤ ዓርብ ምሽት 2:30፣ በክረምታቸው 3:30 ላይ ተዘግቷል።